ሶሌታ ከመጣሉ በፊት፦ ጁገል ያለው የእናትሽ ቤት ግድግዳ ለምን ይላጣል

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላ የሚያነብ ሰውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው፦ የምትጽፊው ከቶሮንቶ ነው፣ እናትሽ ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ከአያቶችሽ በወረሱት ጌ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) ነው የሚኖሩት፣ የዛሬ ሶስት አመት ልጆቻቸው ብር አዋጥታችሁ ዋናው ክፍል ውስጡ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ላዩ ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ፣ ኪርታቱ (ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል) ደግሞ ሴራሚክ ገብቶለት ሻወር ቤት ሆነ። አሁን ግን ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እየተላጠ ነው፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቤቱ ይሸታል፣ እናትሽንም ማታ ማታ ያስላቸዋል። ግንበኛው "ቤቱ አርጅቷል፣ አፍርሰን ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) አቁመን ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) እንጣልበት" አለ፣ አንቺም "እውነት አርጅቶ ነው? ይፍረስ ወይስ ይጠገን?" ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ እንደዚህ አይነት የድንጋይና የጭቃ ቤት በመጠገን ነው የምተዳደረው፣ አብዛኛውንም የሰራሁት እዛው ጁገል ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሳላንዛዛ ልንገርሽ፦ አይፍረስ። ቤቱ አላረጀም፣ ታፍኖ ነው። ያፈነው ደግሞ ያ በፍቅር የላካችሁት ሲሚንቶ ነው። ይሄን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም፣ ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ቤት ሲያሳድስ መጀመሪያ የሚያስበው ሲሚንቶ ነው፣ ጠንካራ ነው ብሎ ነው፣ ጎረቤቱም የሚያሞግሰው እሱን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እናትሽ እዛ ክፍል ውስጥ መተኛት ያቁሙ። ዛሬውኑ። ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ፣ ሳሉንም ሐኪም ይየው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ለትልቅ ሰው ሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የግድግዳው ጉዳይ ወራት ሊወስድ ይችላል የሳቸው ጤና ግን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ግድግዳው። የጌ ጋር ግድግዳ ድንጋይ ሆኖ መሀሉ በጭቃ የተያያዘ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዛ በላይ ይሆናል፣ ላዩ ደግሞ በጭቃና በኖራ ነበር የሚለሰነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ መሰረቱ ላይ ከመሬት ውሃ ይጠጣል፣ ሁሌም ይጠጣ ነበር፣ በአያትሽም ጊዜ በቅድመ አያትሽም ጊዜ። ልዩነቱ ምንድነው፣ ያኔ የጠጣውን በጭቃውና በኖራው አልፎ ወደ አየር ያስወጣው ነበር፣ ልክ ሸክላ ጀበና ላዩ እንደሚያልበው ማለት ነው። ሲሚንቶ ሲለሰንበትና ፕላስቲክ ቀለም ሲደረብበት ግን መውጫ አጣ። መውጫ ያጣ ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም ሽቅብ ይወጣል፣ መውጫ እስኪያገኝ ድረስ፣ ለዛ ነው ድሮ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀር የነበረው እርጥበት አሁን ጉልበት የደረሰው፣ እንደዛው ከተተወ በሚቀጥለው ክረምት ወገብ ሊደርስ ይችላል። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው እዛው ይቀርና ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ልስኑን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። እናትሽ በመጥረጊያ ጠርገውት በሳምንቱ ተመልሶ ቢያገኙት አይገርምም።

እዛ ያለ የእህትሽን ወይ የወንድምሽን ልጅ ላኪና ግድግዳውን በጣቱ አንጓ መታ መታ ያድርገው፣ ከታች ወደ ላይ። ጤነኛ ቦታው ድፍን ድምፅ አለው፣ የታመመው ቦታ ባዶ ሳጥን የተመታ ይመስላል። እኔ አንድ ቤት ውስጥ እንደዛ የሚጮኸውን ቦታ በመሮ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ እንጀራ ምጣድ የሰፋ ልስን ባንድ ጊዜ ተገንጥሎ እጄ ላይ ወደቀ፣ ፊቱ ደረቅ ነው የሚያምር ክሬም ቀለም፣ ጀርባውን ሳገላብጠው ግን ጠብ ጠብ የሚል ርጥብ ነው፣ ግማሽ ጣት የሚሆን የግድግዳው ጭቃ ተጣብቆበት መጥቷል። ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ለስልሶ ጣቴ ሰምጦ ገባ። እንግዲህ ግድግዳውን የሚያቆመው እሱ ጭቃ ነው፣ ከፊት የሚያምረው ክሬም ቀለም አይደለም።

ስለዚህ ስራው የሚጀምረው ውሃው ከየት እንደሚመጣ በማወቅ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ልስኑ ይሮጣል፣ ልስኑ ግን መጨረሻ ነው የሚመጣው። ጁገል ውስጥ ደግሞ ውሃ ከየት መጣ ማለት የሰፈሩን ኑሮ ማወቅ ማለት ነው፣ በመሳሪያ ብቻ አይገኝም።

አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። ኤረር በር (ከጁገል በሮች አንዱ) አካባቢ አንድ ቤት ጠርተውኝ ሄድኩ፣ ግድግዳው ላይ ከጣሪያው ስር ጀምሮ ወደታች የሚወርድ የእርጥበት ምላስ አለ፣ ክረምት አይደለም፣ ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል። ቧንቧ በዛ በኩል የለም። ሁለት ቀን ተመላልሼ ምንም ሳላገኝ በሶስተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት አሮጊት እናት ቡና እያፈሉ "ይሄ ነገር እኮ ውሃ በመጣ ማግስት ነው የሚብሰው" አሉኝ። ሐረር እንደምታውቂው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ (አሁን መልሶ ውሃ ቢይዝም) ከተማው ውሃ በብዛት የሚያገኘው ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ የውሃ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ ነው፣ ስለዚህ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። "ውሃ መጣ!" የሚል ድምፅ ከኡጋው (ከሰፈሩ ጠባብ መንገድ) ሲሰማ ሰው ሁሉ ተነስቶ ጀሪካንና በርሜል ይሞላል፣ አቅም ያለው ደግሞ ጣሪያ ላይ ሮቶ (የፕላስቲክ የውሃ ታንከር) ሰቅሎ ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል። ጎረቤትየው ያደረጉት እሱን ነው። ሮቶው ሌሊት ይሞላና እስኪነጋ ይፈስሳል፣ የሚፈሰው ደግሞ ሁለቱ ቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ አናት ላይ። ሲነጋ ጣሪያው ደርቋል ማንም አላየ ማንም አልሰማ፣ ግድግዳው ግን ጠጥቶታል። መፍትሄው ሮቶው ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ኳስ ያለው ቧንቧ መግጠም ብቻ ነበር። አንድ ሰአት አልፈጀም።

ችግሩ ያንን ለጎረቤት መናገር ነው የነበረው፣ ምክንያቱም ጁገል ውስጥ ቤት ለቤት ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ግድግዳ ትጋሪያለሽ፣ ሰርግ ትጋሪያለሽ፣ ለቅሶ ትጋሪያለሽ፣ "የናንተ ውሃ ቤቴን አፈረሰው" ብሎ የጀመረ ሰው ግድግዳውን አድኖ ጎረቤቱን ሊያጣ ይችላል። እዛ ቤት ነገሩን የጨረሱት በአፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች ማህበር) የሚገናኙ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ናቸው፣ ሄደው ቡና ጠጥተው ወሬውን በወሬ መሀል አድርገው ነገሯቸው። እኔ በጣም ነው የተማርኩበት። እናትሽም የአፎቻ ሰው ናቸው ብዬ እገምታለሁ፣ የጎረቤት ነገር ከመጣ ለሳቸው ተይላቸው እንጂ ከቶሮንቶ ስልክ ደውለሽ እንዳትነግሪ።

ያንቺ ቤት ላይ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሻወሩን ነው። ኪርታት ለውሃ የተሰራ ክፍል አይደለም። ወለሉ ስር ያለው አፈርና ድንጋይ ነው፣ ሴራሚኩ መሀል ያለች ትንሽ ስንጥቅ ወይ በደንብ ያልተገጠመ የፍሳሽ ቱቦ ካለ በየቀኑ የሚታጠቡበት ውሃ በቀጥታ ወደ መሰረቱ ይሄዳል። ፍሳሹስ የት ነው የሚሄደው? ጉድጓድ ተቆፍሮለት ከሆነ ከግድግዳው በስንት ሜትር ነው? ይሄን ግንበኛውን ጠይቂው፣ "አላስታውስም" ካለ ቦታውን ራሱ ሄዶ ያሳይ። ሌላው፣ ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የቆጣሪው ቁጥር ፎቶ ይነሳ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት እንደገና ይነሳ፣ ውሃ ባለበት ሌሊት ቁጥሩ ከተለወጠ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ሻወሩን ትተው በሳፋ ሌላ ቦታ ቢታጠቡና የግድግዳው እርጥበት መውረድ ቢጀምር መልሱን አገኘሽ።

ከዛ ውጪውን ይዩት። ኡጋው ላይ ድንጋይ ሲነጠፍና ሲደለደል መንገዱ ከፍ ብሎ ከቤቱ ወለል በላይ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፣ እንደዛ ከሆነ የዝናቡ ውሃ ግድግዳው ስር ይተኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ብለሻል፣ አሸንዳ አለው ወይ? አሸንዳው ቀዳዳ የለውም ወይ? መውረጃ ቱቦው የት ላይ ነው የሚጥለው? አሸንዳ ማደስ ከሁሉም ርካሹ ስራ ነው፣ ብዙ ቤት ያዳነውም እሱ ነው።

እርጥበቱ ከግድግዳው ነው ወይስ ከክፍሉ እስትንፋስ (መስኮት ሳይከፈት ምግብ ማብሰል ምናምን) የሚለውን ለመለየት ደግሞ ይቺን አድርጉ፦ ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ቆርጣችሁ ገና ያልተላጠ ቦታ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉት፣ ሁለት ቀን ቆይታችሁ እዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው፣ ከፊት ለፊት ከሆነ ከክፍሉ ነው። ስንጥቅ ካለ ደግሞ ስንጥቁ ላይ አሻግራችሁ ትንሽ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ነገሩ ይለወጣል፣ ሰው ሄዶ በአካል ማየት አለበት። ሳይሰነጠቅ ከከረመ ስንጥቁ ያረጀ ነው፣ አትደንግጡ።

የውሃው ምንጭ ከተዘጋ በኋላ ነው ሲሚንቶው የሚነሳው። በመሮና በመዶሻ ቀስ ተብሎ፣ በድሪል አይደለም፣ ንዝረቱ ጭቃውን ያራግፈዋል። እርጥበቱ ከደረሰበት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ተብሎ ይነሳ። ጊዜው ከክረምት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥቅምት አካባቢ ብትጀምሩ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በርከት ያለ ደረቅ ወር ታገኛላችሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል፣ ባለሙያዎች በልምድ የሚሉት ወፍራም ግድግዳ በወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው የሚደርቀው፣ ግማሽ ሜትር ግድግዳ አስቢው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንጠብቅም ግን ሶስት አራት ወር ተራቁቶ አየር ያግኝ፣ መስኮትና በር ቀን ቀን ይከፈት፣ ጨው ሲወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ፣ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል።

እዚህ ጋ እናትሽ እንደሚቃወሙ አውቃለሁ። ግድግዳው ድንጋዩ እየታየ እንግዳ እንዴት ይገባል፣ ጎረቤት ምን ይላል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ጌ ጋር ውስጥ እንግዳ ሲገባ ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ ተቀምጦ የሚያየው ግድግዳውን ነው፣ ሞሰቡ፣ ሳህኑ፣ ጣቀቱ (ግድግዳው ውስጥ የተሰራው መደርደሪያ) ላይ የተደረደረው እቃ የእናትሽ ክብር ነው። ስለዚህ ባንድ ጊዜ አታራቁቱት። በጣም የታመሙት ሁለት ግድግዳዎች መጀመሪያ ይሰሩ፣ አሚር ነደባ (የክብር መቀመጫው) እና ጣቀቶቹ ያሉበት ዋናው ፊት መጨረሻ ላይ ይሁን፣ እሱም ከታች ብቻ ከተላጠ ከታች ብቻ ይነሳ።

መልሶ የሚለሰነው በጭቃና በኖራ ነው። ኖራው በበርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጠፋ (እሳቱ ይውጣለት ማለት ነው)፣ ሲጠፋ ይፈላል አይን ያጠፋል፣ የሚሰራው ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ልጆች ወደዛ ድርሽ እንዳይሉ። ውሃ ከላዩ ሳይጠፋ ሳምንታት ይቆይ፣ ሲቆይ እንደ እርጎ ይረጋል፣ የቆየ ኖራ የተሻለ ነው። አንድ እጅ ኖራ ለሶስት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ ሲለሰን ግድግዳው ረጠብ ተደርጎ፣ ባንዴ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይደረባል፣ ፀሀይና ንፋስ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት። ኖራ የሚጠነክረው አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ቀስ ብሎ ሲዋሃድ ነው፣ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ግንበኛው "ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት ለጥንካሬ" ይላል፣ ሁሉም ይላሉ፣ እምቢ በሉት። ቀለሙም ኖራ ይሁን፣ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት አምስት ጊዜ። እናትሽ ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል እኮ፣ በየአመቱ ረመዳን ሲቃረብ ሴቶቹ ቤቱን የሚቀቡት በምን ነበር? አንድ አሮጌ ግድግዳ ላይ ጠርዙ የተላጠ ቀለም በአጉሊ መነጽር አይቼ አውቃለሁ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ፣ እያንዳንዱ ገጽ የሆነች ሴት ያንድ አመት ድካም ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ጤነኛ ነበር። ፕላስቲክ ቀለሙ ከመጣ ወዲህ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሶሌታውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሳናፈርስ ባለው ግድግዳ ላይ እንጣለው ቢሉሽስ? አራት በአምስት የሆነ ክፍል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ብቻውን 5 ቶን ገደማ ይመዝናል። እውነቱን ለመናገር የድሮው የአፈር ጣሪያም ቀላል አልነበረም፣ ስለዚህ "ከባድ ነው" ብቻ ብዬ አላልፍም። ዋናው ነገር ያኔ ግድግዳው ደረቅ ነበር፣ ጣሪያውም እንጨት ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ግን ግድግዳሽ ለአመታት ቆርቆሮ ብቻ ሲሸከም የኖረ ነው እግሩም ርሷል፣ በዛ ላይ ድርቅ ያለ ነገር ስትጭኚበት ፀሀይ ሲመታው ሶሌታው ይሰፋል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ግድግዳውን እየገፋ እየሳበ ይሰነጥቀዋል። ግንበኛው እንዳለው ኮለን ከቆመም ለኮለኑ ጉድጓድ የሚቆፈረው ጎረቤት የሚጋራው ግድግዳ ስር ነው፣ የሱ ቤት ከተሰነጠቀ ማን ይጠየቃል? ጣሪያው ላይ ሮቶ መስቀል ካሰባችሁም 1000 ሊትር ማለት 1 ቶን ነው፣ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ መደብ ተሰርቶለት ይቀመጥ።

ደግሞም ያለ ፈቃድ አይቻልም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጠሩት ከሚባለው ግንብ ውስጥ ያለው ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ የተመዘገቡት ደግሞ ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ አይደሉም፣ የናንተን አይነት ቤቶችም አሉበት። የቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) የተመዘገበ ቅርስ ላይ የጥገና ስራ ያለፈቃድ እንዳይሰራ ይከለክላል፣ ስለዚህ መሮ ከመነሳቱ በፊት የክልሉ ቅርስ ቢሮ ሰው መጥቶ ይየው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ እንቅፋት ነው የሚያየው፣ እኔ ግን ኖራ የሚያውቁ አሮጌ ግንበኞችን ማን እንደሆኑ የነገሩኝ እዛ ቢሮ ያሉ ሰዎች ናቸው። በደብዳቤ ይጠየቅ፣ መልሱም በጽሁፍ ይያዝ።

ሌላም የማይመለስ ነገር አለ። ቤቱ ከፈረሰ ነደባዎቹ አይመለሱም። ሱትሪ ነደባው፣ ገብቲ ኤሄሩ (ሁለቱም የነደባ አይነቶች ናቸው)፣ ቀይ የተቀባው ወለል፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው ሲሉ ሽማግሌዎች የሚናገሩለት ማለት ነው፣ እነዚህን በብሎኬት ቤት ውስጥ አስመስለው የሰሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ቁመቱ ይሳሳታል፣ ሰው ሲቀመጥበት እግሩ የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ወጪውን ስታስቢ የሰራተኛውን ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውንም አስቢ፣ መኪና የሚደርሰው የሆነ ቦታ ድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ አሸዋውም ኖራውም የሚገባው በአህያና በሰው ትከሻ ነው፣ የሚነሳው የሲሚንቶ ፍርስራሽም በዛው መንገድ ይወጣል። ፍርስራሹ ኡጋው ላይ እንዳያድር፣ ለዛ የሚሆን ብር ለብቻ ለዪ። ብሩንም ባንዴ ለግንበኛው አትላኪ፣ ለውሃው ስራ፣ ለማንሳቱ፣ ለልስኑ እየከፋፈልሽ፣ አንዱ ሲያልቅ ፎቶ አይተሽ ሌላውን።

አሁን እናትሽ ጋ ደውዪና አንዲት ነገር ጠይቂልኝ፦ ግድግዳው የሚብሰው ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው፣ ውሃ በመጣ ማግስት ነው፣ ወይስ ሻወር በተወሰደ ማግስት? እሳቸው ያውቁታል። መልሳቸውን ጻፊልኝ፣ ከዛ ከየቱ እንደምትጀምሩ እነግርሻለሁ።